የውሻው ፀጉርና የወር ወጪያችን

ውሻ ሲባል በአብዛኛው ቤት የሚታወቀው በር ላይ የሚታሰረው፣ ትራፊ የሚቀርብለትና ሌሊት የሚጮኸው ነው። ፀጉሩ አጭር ስለሆነ አልፎ አልፎ ቢታጠብና ቢቦረሽ ይበቃዋል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ በአንዳንድ ቤቶች ሶፋ ላይ የሚተኛ፣ ፀጉሩ ዓይኑን የሚጋርደው ትንሽ ውሻ ይታያል። ልጆች ለምነው ያስመጡታል፤ ወጪው የሚወድቀው ግን በእናት ቦርሳ ላይ ነው።

አንዲት ወዳጄ እንዲህ ያለውን ቡችላ ለልጇ የልደት ስጦታ ተቀበለች። ለምግቡ አሰበች፤ ለክትባቱም አሰበች፤ ለፀጉሩ ግን አላሰበችም። በአራተኛው ወር ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ሥር ያለው ፀጉር ተጠላልፎ እንደ ባና ጠጠረ። ልጅቱ ልታቅፈው ስትቀርብ ጥርሱን ያሳያት ጀመር። «ውሻው ከፍቷል፤ ለሌላ ሰው ይሰጥ» ተባለ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ተወስዶ ሲላጭ፣ ከጠጠረው ፀጉር ሥር ቆዳው ቆስሎ ተገኘ። ለካስ እንስሳው አሞት ኖሯል። ያን ዕለት ለማደንዘዣ፣ ለመላጫና ለቁስሉ መድኃኒት የተከፈለው ገንዘብ በአራቱ ወራት ለማስተካከያ ሊወጣ ይችል ከነበረው በለጠ።

ስለዚህ ውሻውን ከመቀበልዎ በፊት የፀጉሩን ዓይነት ይጠይቁ። የፑድል፣ የማልቴዝና የሺ ትዙ ፀጉር እንደ ሰው ፀጉር ሳያቋርጥ ስለሚያድግ በየ4 እስከ 8 ሳምንት መቆረጥ ይፈልጋል። የጀርመን ሸፐርድ ፀጉር ግን ይረግፋል እንጂ አይቆረጥም፤ ከብርድም ከፀሐይም ስለሚከላከልለት መላጨት አይገባም፤ ማበጠር ይበቃዋል።

የባለሙያው ዋጋ እንደ ውሻው ትልቀት፣ እንደ ፀጉሩ ርዝመትና እንደ ጠባዩ ይለያያል። ፀጉሩ የተጠላለፈ እንደሆነ ጭማሪ ይጠየቃል። ባለሙያው ቤት ድረስ ከመጣም እንዲሁ። እጥበቱ፣ ጥፍር መቁረጡና ጆሮ ማጽዳቱ በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለትንሽ ውሻ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 90 ዶላር መክፈል የተለመደ ነው፤ ጉርሻም ይታከልበታል። «ውሻዬ ከእኔ የተሻለ ፀጉር ቤት ይሄዳል» ቢሉ አይፍረዱባቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሻው በየ6 ሳምንቱ የሚቆረጥ ከሆነ በዓመት 9 ጊዜ ያህል ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ጊዜ 800 ብር ነው እንበል፤ የዓመቱ 7,200 ብር ይሆናል፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 600 ብር ይደርሳል። በሰፈርዎ ያለውን ዋጋ በ800 ምትክ አስገብተው ያስሉት። ብሩን ደመወዝ በተቀበሉ ዕለት ለብቻው በፖስታ ያስቀምጡ፤ ከአስቤዛው ጋር ከተቀላቀለ ሽንኩርት ይበላዋል።

ወጪውን ለመቀነስ ሁነኛው መንገድ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ማበጠር ነው። የብረት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ እስከ ቆዳው ይድረስ፤ ላይ ላዩን ማሳመር አይጠቅምም። ማበጠሩም ከእጥበት በፊት ይሁን፤ የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይብስበታል። ሻምፑው ለውሻ የተሠራው ይሁን፤ የሰው ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋል። ቋጠሮውን በመቀስ እቆርጣለሁ ብለው እንዳይሞክሩ፤ ቆዳው አብሮ ስለሚሳብ በቀላሉ ይቆረጣል። የጥፍሩንም ጫፍ ብቻ ይቁረጡ፤ በውስጡ የደም ሥር አለና። ለቁንጫ ብለው ናፍጣ ወይም የእህል ተባይ መድኃኒት የሚቀቡ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግ። ውሻው ገላውን ይልሳል፤ ልጆችም ያቅፉታል።

ብር ሲያጥር የፀጉሩን ወጪ ማሳነስ ይቻላል፤ «አጭር አድርገው ቁረጡልኝ» ቢሉ ጊዜው ይራዘማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን አይነካም። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ውሻ ልጅዎን የነከሰ እንደሆነ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥበው ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።

የወዳጄ ውሻ አሁን በአጭሩ ይቆረጣል። ማበጠሪያው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ማታ ማታ ዜና እስኪጀምር ልጅቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታበጥረዋለች።