ድምፅ ማጉያ አይበቃንም

ለትልቁ አዳራሻችን ሌላ ድምፅ ማጉያ ይገዛልን የሚሉ ጓደኞች በርክተዋል። እኔ እቃወማለሁ፤ የጎደለን ጩኸት አይደለምና። ባዶ ሲሚንቶና መስተዋት ድምፅን አይመጥጡም፤ ይመልሱታል። የፊተኛው ቃል ሳይጠፋ የኋለኛው ይደርስበታል፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪም ትምህርቱን በግምት ይጽፋል። ማጉያ ቢጨመር ጫጫታውም አብሮ ይጎላል።

እ.ኤ.አ. በ1895 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ አዳራሽ ንግግር የማይለይበት ሆነ፤ የተነገረው ቃል 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ያስተጋባ ነበር። ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን በሌሊት ከቲያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ፥ ስንቱ ትራስ ማስተጋባቱን በምን ያህል እንደሚያሳጥር ለካ። መድኃኒቱ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወፍራም ጨርቅ ሆነ። (የሰው ገላና ልብስም ድምፅ ይመጥጣል፤ ከክፍል የሚቀሩ ወንድሞች ያስቡበት!)

እንግዲህ ማኅበራችን ለአስተዳደሩ ሲጽፍ የማጉያውን ትቶ የወፍራም መጋረጃ ዋጋ አስልቶ ያቅርብ።