ድንጋዩ ሐይቁ ላይ ለምን አይደርስም?

ከቡታጅራ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደተጓዙ፣ በስልጤ ምድር፣ ሐረ ሸይጣን የሚባል ሐይቅ አለ። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቦረቦረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። አፋፉ ላይ ለቆመ ሰው ሐይቁ እግሩ ሥር ያለ ይመስለዋል። ሆኖም ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል። ጎብኚ ይሞክራል፣ ጎረምሳ ይወራረዳል፣ ድንጋዩ ቁልቁለቱ ላይ ቀርቶ ሁሉም እየተገረመ ይመለሳል።

ይህን ጥያቄ ለአምስት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስጧቸው። የሚያስፈልጋቸው ክር፣ ጠጠር፣ ፕሮትራክተር፣ ሜትርና የፊዚክስ ደብተራቸው ነው። ከፍታው ለምሳሌ 100 ሜትር ቢሆን አንድ ድንጋይ ያን ያህል ወርዶ ለማረፍ አራት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ክንደ ብርቱ ወጣት በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት አግድም ቢወረውረው ድንጋዩ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚርቀው 90 ሜትር ያህል ነው። አሻቅቦ ቢወረውረውም የሚያተርፈው አሥር ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ግድግዳው እየተንጋለለ ወርዶ ውሃው የሚጀምረው በአግድም ከ100 ሜትር አልፎ ከሆነ፣ ድንጋዩ ዳገቱ ላይ ከማረፍ ሌላ ዕድል የለውም። ዓይን ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሲያይ አግድም ርቀትን አሳንሶ ይገምታል። ተማሪዎቹ ትክክለኛውን ከፍታና የግድግዳውን ዝንባሌ ራሳቸው ይለኩ፤ የነፋሱን ነገር ራሳቸው ይከራከሩበት። አንዱ ይወረውራል፣ ሁለተኛው ሰዓት ይይዛል፣ ሦስተኛዋ ማዕዘን ትለካለች፣ አራተኛዋ ትመዘግባለች፣ አምስተኛው «ይኼ ስሌት ልክ አይደለም» ብሎ ሁሉንም ያስቆማል።

የጉራጌ ከተሞች የሆኑት የወልቂጤና የቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳይንስና በሒሳብ በቡድን ይወዳደሩ ሲባል በልቤ የማየው ይህንን ነው። የለመድነው ውድድር ግን ሌላ ነው። መድረክ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ይደረጋል። ከየትምህርት ቤቱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ልጆች ይቀመጣሉ። ጠያቂው ያነባል፣ ሰዓት ያዡ ይቆጥራል፣ ያልተመለሰው ለተጋጣሚ ያልፋል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል። መጨረሻ ላይ መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና ዋንጫ ይሸለማል። በእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄና መልስ ውድድር ስንት ዓይን አፋር ልጅ ሰው ፊት መቆም እንደተማረ አውቃለሁና አላጣጥለውም። ነገር ግን የሚመዝነው ተማሪው ቀድሞ የያዘውን ነው። ሦስቱ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ስለተጋሩ ቡድን ይባላሉ እንጂ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያስበው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይመልሳል፣ ሁለቱ ያጅባሉ። የቀሩት የክፍል ጓደኞቻቸው ሥራ ደግሞ ማጨብጨብ ነው።

የማጨብጨቡ ዕጣ የደረሳቸው እነማን እንደሆኑ ባለፉት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ውጤት አሳይቶናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ከመቶ ተማሪ ከዘጠና አንድ በላዩ አሁንም ከመስመሩ በታች ነበር። ሦስት ጎበዝ ልጅ መርጦ መድረክ ላይ ማውጣት ለዚህ ሕመም መድኃኒት አይሆንም። ሦስቱ ያለ ውድድሩም ያልፋሉ።

ከዚህም በላይ ተማሪዎቻችን የሚፈተኑት ፊደል በመምረጥ ነው። አንድ ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሲማር «ለምን እንዲህ አልክ?» የሚለው ሰው ሳያጋጥመው ሊጨርስ ይችላል። ሳይንስ ግን የሚጀምረው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

በዓለም ላይ የተሻለ አሠራር አለ። የወጣት ፊዚክስ ተማሪዎች ቱርናመንት የሚባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1979 ሞስኮ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ ዓለም አቀፍ ሆኗል። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ተማሪ አለው። 17 ችግሮች ከውድድሩ ብዙ ወራት ቀድመው ይፋ ይደረጋሉ፤ የሚደበቅ ጥያቄ የለም። ተማሪዎቹ ሞክረው፣ ለክተው፣ ተሳስተው፣ እንደገና ጀምረው ይመጣሉ። መድረኩ ላይ የአንዱ ቡድን ተማሪ መፍትሔውን ያቀርባል፤ የሌላው ቡድን ተማሪ ይሞግተዋል፤ የሦስተኛው ቡድን ተማሪ ሁለቱንም ይገመግማል። ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት ለሦስቱም ነው። ጥሩ መሞገት ራሱ ነጥብ ያስገኛል።

እንዲህ ያለው የሙግት ሥርዓት ለጉራጌ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ፣ የክስታኔ ጎርደና ሴራ የሚባሉ የባህል ሕጎች ያሉት ሕዝብ ነው። በሸንጎ አንዱ ያስረዳል፣ ሌላው ይሞግታል፣ ሽማግሌው ያመዛዝናል። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተችው በዚያው በጆካ ሸንጎ ፊት ነው። አንዲት ሴት በዚያ ዘመን ወንዶች በሞሉበት ሸንጎ ፊት ቆማ ከተሟገተች፣ የዛሬዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በፊዚክስ ዳኞች ፊት የማትቆምበት ምክንያት የለም። ከአምስቱ የቡድን አባላት ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ የምለው ለቁጥር ማሟያ አይደለም፤ እንዲያቀርቡና እንዲሞግቱ ነው። ሴት ልጅ በቡድን ሥራ ውስጥ ጽሑፍ ገልባጭ ሆና ስትቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

ለዚህ አንድ ደንብ በቂ ነው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምሟገትለት እሱን ነው። መድረክ ላይ የሚያቀርበው ተማሪ በዕጣ ይለይ። ዕጣው የሚወጣው በዕለቱ፣ ዳኞች ፊት ይሁን። ይህ አንድ ደንብ ብቻውን ብዙ ነገር ይለውጣል። ጎበዙ ልጅ ሥራውን ለብቻው ጨርሶ ቢመጣ ቡድኑ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ዕጣው ፕሮጀክታይል የሚባለው የውርወራ ስሌት ገና ያልገባው ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከወራት በፊት ጀምሮ ጎበዙ ማስረዳት፣ ደካማው መጠየቅ ግዴታቸው ይሆናል። በአማርኛም ይሁን በጉራግኛ እስኪግባቡ ይከራከሩ፤ እንግሊዝኛው ሲቀርብ ይደርሳል። ያስረዳ ልጅ ደግሞ ራሱም ይበልጥ ይገባዋል፤ ይህን ማንኛውም መምህር ያውቀዋል። የቡድን ውድድር ከግል ውድድር የሚበልጠው በዚህ ነው። አለዚያ ለምን ቡድን እንላለን? አንደኛ የወጣውን ልጅ ለብቻው ፈትኖ መሸለም ይቀል ነበር።

ችግሮቹ ከየት ይምጡ? ከሰፈራቸው። እንሰትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። በሽታው በቆረጡበት ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። የትኛው የቢላዋ ማጽጃ ዘዴ ለገበሬው ርካሽና ቀላል ነው? ስንቱ ጓሮ ውስጥ ስንት እንሰት ታሟል? ይህ የባዮሎጂም የስታቲስቲክስም ሥራ ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲቦካ አሲድነቱ በየሳምንቱ እንዴት ይለወጣል? ለዚህ የሚያስፈልገው የአሲድ መለኪያ ወረቀትና የአንዲት እናት ፈቃድ ነው። እናቲቱ መቼ እንደሚገላበጥ፣ መቼ እንደደረሰ በእጅና በአፍንጫ ታውቀዋለች። ተማሪዋ ያንን ዕውቀት በቁጥር ጽፋ ስታመጣ ኬሚስትሪ የእናቷ ሙያ መሆኑን ታያለች።

ወልቂጤም የራሷ ጥያቄ አላት። ለዓመታት በውሃ እጥረት የተፈተነች ከተማ ናት፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውሃ አጣን ብለው አደባባይ ከወጡ ነዋሪዎች መካከል ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። የከተማዋን ውሃ ተማሪዎች ይፍቱት አልልም፤ ያ የመንግሥት ዕዳ ነው። ነገር ግን 60 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ጄሪካን ውሃ እንደሚያርፍበት ማንኛውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማስላት ይችላል። ከዚያ ስንቱ በቦይ ይፈስሳል፣ ስንቱ ይባክናል፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በአንድ ክረምት ስንት ይሰጣል፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ስንት ቀን ይበቃል? ይህን ለክቶ የሚያቀርብ ቡድን የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ጠርቶ ሊሰማው የሚገባ ቡድን ነው።

የቡታጅራ ልጆች ደግሞ ከተማቸው በሳይንስ ዓለም ያላትን ስም ማወቅ አለባቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራና በአካባቢዋ በተመረጡ አሥር ቀበሌዎች ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትን፣ ሞትን፣ መጤንና ሂያጅን መዝግበዋል። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ተከታታይ የሕዝብ ጤና ምዝገባ ቀድመው ከጀመሩት ቦታዎች አንዷ ቡታጅራ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተደረገው የአእምሮ ጤና ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። በድሃ አገር ገጠር ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንዴት እንደሚኖር ዓለም የሚያውቀው ጉልህ ክፍል ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ለንደንም ሆነ ናይሮቢ ያለ የአእምሮ ሐኪም ቡታጅራ የሚለውን ስም ከመጽሔት ሊያውቀው ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋስ ታውቀዋለች? አንድ የስታቲስቲክስ ችግር ከዚህ ታሪክ ቢወጣ ምንኛ ባማረ!

መምህራን የሚያነሱት ሥጋት አለ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ልጆቹ ለፈተና መዘጋጀት ሲገባቸው ስለ ድንጋይና ስለ ጣሪያ ጊዜ ያጠፋሉ፣ መምህሩም ክፍለ ጊዜው ሞልቶበታል ይላሉ። መምህሩ ትርፍ ሰዓቱን ሲሰጥ አበል ሊከፈለው ይገባል፤ በባዶ ምስጋና ብቻ ውድድር አይዘልቅም። ስለ ፈተናው ግን አልስማማም። ወደ ላይና ወደ ጎን የሚደረግን እንቅስቃሴ ለይቶ ማስላት ሐረ ሸይጣን አፋፍ ላይ የተማረ ልጅ ቀመሩን ፈተና ላይ አይረሳውም።

ሌላም ሥጋት አለ፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። መዋቅሩ ሁለት ሆኗል። ይህ ውድድር የሁለት ዞኖች ፉክክር እንዳይሆን እሠጋለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በመጨረሻው ዙር ቡድኖቹ ይደባለቁ። ሦስት ከወልቂጤ፣ ሁለት ከቡታጅራ፤ ሦስት ከቡታጅራ፣ ሁለት ከወልቂጤ። አንድ ዓመት ጉብርዬ በሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሌላ ዓመት ቡታጅራ ይካሄድ። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ዳኛ ይሁኑ፤ ቤተ ሙከራቸውንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይክፈቱ።

ጉራጌ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ድርጅት አቋቁሞ መንገዱን ያሠራ ሕዝብ ነው። ለመስቀልም ሆነ ለአረፋ አገር ቤት የምትገቡ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች፣ ዋንጫ አትግዙ። ለአሥር ትምህርት ቤቶች ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የአሲድ መለኪያ ወረቀት፣ የሰከንድ መቁጠሪያና ማይክሮስኮፕ ግዙ፤ የተቆለፈው ቤተ ሙከራ ቁልፍም በማን እጅ እንዳለ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። የሁለቱ ዞኖች የትምህርት መምሪያዎች ደግሞ በዚህ ክረምት አንድ ቀን ተገናኝተው አምስት ችግሮችን ይጻፉ፣ መስከረም ላይ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይለጥፉ፣ ሚያዝያ ላይ ልጆቹን ይስሙ።