ድምፅ ከምላሽ ጋር ሲገናኝ፦ የዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተሳትፎና የአመራሩ ኃላፊነት

ዩኒቨርሲቲ የተማረ የሰው ኃይል የሚፈራበት ተቋም ብቻ አይደለም። ዜጎች ሐሳባቸውን በምክንያት አስደግፈው ማቅረብን፣ የተለየ ሐሳብ ያለውን ማዳመጥንና መብታቸውን በሕግ አግባብ መጠየቅን የሚማሩበት ስፍራም ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ኃላፊና ባለሙያ የማዳመጥም ሆነ ያለማዳመጥ ልማዱን በአብዛኛው ይዞ የሚወጣው ከዚሁ ግቢ ነው። በመሆኑም ተማሪውና መምህሩ ድምፃቸውን የሚያሰሙበት ሥርዓት በአግባቡ መሥራቱ የየዩኒቨርሲቲው የውስጥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም።

በዚህ ረገድ ዋናው ችግር የሕግ እጦት ነው ለማለት አያስደፍርም። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃ የመግለጽ፣ በአንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ የመደራጀት መብትን አረጋግጧል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለአካዳሚክ ነፃነት እውቅና ከመስጠታቸውም በላይ መምህራንና ተማሪዎች በተቋማቸው አስተዳደር እንዲሳተፉ በር ከፍተዋል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ አዋጅ ማዕቀፍ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ሆኗል። ቀደም ሲል ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይጠበቁ የነበሩ ውሳኔዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በተሸጋገሩ ቁጥር ለሚነሳው ጥያቄ መልስ የመስጠቱ ኃላፊነትም አብሮ ወደ ዩኒቨርሲቲው አመራር ይዞራል።

የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ እንደሚያስገነዝበው የተማሪው ድምፅ ከተቋሙ ጋር አብሮ ያደገ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ከአሥር ዓመታት በኋላ፣ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ የተነበበው የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥም የተማሪው ሐሳብ ከግቢው አጥር አልፎ መሰማት መጀመሩን ያመለከተ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» በሚል ያካሄዱት ሰላማዊ ሰልፍ ደግሞ የአገር አጀንዳ ሆነ። ጥያቄው በወቅቱ ሰሚ ባለማግኘቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየከረረ ሄደ፤ ከአሥር ዓመታት በኋላ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆንም ንጉሣዊው ሥርዓት አስቀድሞ ወድቆ ነበር።

ከዚያም ወዲህ ተመሳሳይ ትምህርት የሚሰጡ ክስተቶች ታይተዋል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል የታገደው የተማሪዎች ጋዜጣ እንደገና እንዲታተምና ፖሊስ ከግቢው እንዲወጣ የሚሉት ይገኙበታል። ሁኔታው ወደ ግጭት አምርቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ራሱ ድምፅ የማሰማት ጥያቄ እንደነበረ ልብ ይሏል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መገደላቸውን ተከትሎ ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በመዛመቱ በርካታ ተማሪዎች ግቢያቸውን ጥለው ለመሄድ ተገደዋል። ይህ ክስተት ከግቢ ውጭ ከነበረው የፖለቲካ ውጥረት ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ተማሪው የሚያምነው የመረጃና የውይይት መስመር በሌለበት ቦታ አሉባልታ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚነግሥ አሳይቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ከደመወዝና ከጥቅማ ጥቅም ጋር በተያያዘ የሥራ ማቆም አድማ ጠርተዋል። የኑሮ ጥያቄው ግን ከአድማው ቀን በፊትም የነበረ ነው።

እነዚህ ክስተቶች በባሕርያቸው ቢለያዩም አንድ ነገር ያመላክታሉ። ድምፅ በመደበኛው መስመር ሄዶ ምላሽ ሲያጣ አይጠፋም፤ መስመር ይቀይራል እንጂ። መስመሩን ከቀየረ በኋላ የሚጠይቀው ዋጋ ደግሞ ለተማሪውም፣ ለመምህሩም፣ ለመንግሥትም እጅግ ከፍተኛ ነው።

ድምፅን ለመጠቀም አስቀድሞ ድምፅን ማግኘት ያስፈልጋል። በኅብረተሰቡ ዘንድ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል አባባል የመኖሩን ያህል «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለ። ከልዩ ልዩ ክልሎች ተመድቦ፣ ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቆ ወደ ግቢ የሚገባ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደ መጀመሪያው ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አሳምሮ የሚያስረዳውን ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን እንዳያወጣ ሊያደርገው ይችላል። ሴት ተማሪዎች ደግሞ ትንኮሳና ጥቃት ሲደርስባቸው ለማመልከት የሚያስፈራቸው ተጨማሪ ጫና አለ። በ2012 ዓ.ም. እንደገና የተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ምክንያታዊ አስተሳሰብንና የመግባቢያ እንግሊዝኛን ማካተቱ በዚህ ረገድ ተገቢ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ኮርሱ ለፈተና ብቻ ተሸምድዶ ካለፈ፣ መምህሩም ጥያቄ የሚያነሳን ተማሪ እንደ ተሟጋች ከቆጠረው የታለመው ውጤት ሊገኝ አይችልም።

ድምፅን ወደ መጠቀሙ ሲታለፍ፣ መድረኮቹ በወረቀት ላይ አሉ። የተማሪዎች ኅብረት፣ የትምህርት ክፍል ጉባኤ፣ ሴኔት፣ የቅሬታ ሰሚ አካልና ተማሪዎች መምህራንን የሚገመግሙበት ቅጽ ተጠቃሽ ናቸው። ክፍተቱ የሚታየው በአጠቃቀማቸው ላይ ነው። የተማሪዎች ተወካይ የመራጮቹን ሐሳብ ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የአመራሩን ውሳኔ ወደ ታች እንዲያወርድ ብቻ ከተፈለገ ከሁለቱም ወገን አመኔታን ያጣል። የስብሰባ አጀንዳ በዕለቱ በር ላይ ከታደለ ተሳትፎው ከፊርማ አያልፍም። የግምገማ ቅጽ ተሞልቶ ምን እንደተሻሻለበት ካልተነገረ ደግሞ በቀጣዩ ወሰነ ትምህርት የሚሞላው እንዲሁ ለደንቡ ያህል ይሆናል።

የተማሪዎች ምግብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ ይመደብ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ገንዘቡን መመደብ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ እንጀራው በጥራት መቅረብ አለመቅረቡን በየዕለቱ የሚያውቀው ግን በተርታ የሚሰለፈው ተማሪ ነው። ተማሪው የግዢውንና የአቅርቦቱን ሁኔታ በተወካዮቹ በኩል እንዲከታተል ቢደረግ ለአስተዳደሩ ሸክም ሳይሆን ያለ ክፍያ የተገኘ ተቆጣጣሪ ይሆናል።

ስለሆነም ከአመራሩ የሚጠበቀው ተጨማሪ መድረክ መክፈት ብቻ ሳይሆን በነባሮቹ መድረኮች ለሚቀርበው ጥያቄ ምላሽ መስጠትን ግዴታ ማድረግ ነው። ጥያቄው ተመዝግቦ፣ ኃላፊው ተለይቶ፣ ምላሽ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጦ መታወቅ ይኖርበታል። ጥያቄን ሁሉ መቀበል አይቻልም። ሆኖም «አይቻልም» የሚለው መልስ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ሲሰጥ ጠያቂው ቢያዝን እንኳ ተከብሮ መደመጡን ያውቃል። ሐሳብ በማቅረቡ ምክንያት በውጤቱ ወይም በዕድገቱ ላይ ጉዳት የሚደርስበት ተማሪም ሆነ መምህር እንዳይኖር ዋስትና መስጠትም የአመራሩ ግዴታ ነው።

ተማሪውና መምህሩም በበኩላቸው ኃላፊነት አለባቸው። ጥያቄን ከስድብ፣ መረጃን ከአሉባልታ መለየት፣ የማይስማሙበትን ሐሳብ ያቀረበን ሰው በማንነቱ ሳይሆን በሐሳቡ መሞገት፣ የመረጧቸውን ተወካዮችም ተጠያቂ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።

በአጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ ጸጥ ያለ በመሆኑ ብቻ ሰላማዊ ነው ሊባል አይችልም። ጸጥታው ከመደመጥ የመጣ ነው ወይስ ተስፋ ከመቁረጥ የሚለውን መለየት የአመራሩ የዕለት ተዕለት ሥራ ሊሆን ይገባል። ጥያቄው በቅሬታ መዝገብ ላይ እያለ የሚሰጥ ምላሽ ብዕርና ወረቀት ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ በኋላ የሚሰጠው ግን የትምህርት ዘመን፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።