ድጎማው ምን ይግዛ?

መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ሲሰጥ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ሰጠ?» የሚል ነው። በእኛ እምነት ግን መቅደም ያለበት «ገንዘቡ ምን ገዛ?» የሚለው ነው። ለዚህም በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው የሲማሮን ካውንቲ ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆነናል።

ካውንቲዋ የዓመት ዝናቧ ከ500 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ ነፋስ የማይለያት የሣር ምድር ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ ሣሩ እየተገለበጠ ስንዴ ተዘራበት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የስንዴ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ኪሳራውን ለማካካስ ይበልጥ አረሰ። ድርቁ ሲመጣ አፈሩን ይዞ የኖረው የሣር ሥር አልነበረም፤ አፈሩም በነፋስ ተጠርጎ ሄደ። ዝነኛው ጥቁር የአቧራ ማዕበል አካባቢውን የሸፈነው አፕሪል 14 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የእርሻ ሕግ ገበሬው ጥቂት እንዲዘራ ይከፍለው ነበር፤ ዓላማውም የሰብልን ዋጋ ከፍ ማድረግ ነው። በ1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሲሽረው የሀገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ አወጣ፤ ክፍያውም አፈርን ለሚጠብቅ አዝመራ ሆነ። በ1985 ደግሞ በቀላሉ የሚሸረሸር መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት ሣር ለሚያለብስ ገበሬ በውል የሚከፍል መርሐ ግብር ተጀመረ። ከፋዩም ተከፋዩም እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚገዛው ነገር ነው።

ይህን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሡት ነጥብ ቀላል አይደለም። መሬት ጦም ሲያድር ዘርና ነዳጅ የሚሸጠው ነጋዴ ገበያ ያጣል፤ ነዋሪዋ ከ2500 በማይበልጥ ካውንቲ ደግሞ አንድ ሱቅ ሲዘጋ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል። ሕጉ በመርሐ ግብሩ የሚታቀፈው መሬት በመደበኛው ከአንድ ካውንቲ የእርሻ መሬት 25 በመቶ እንዳይበልጥ የደነገገውም ይህንኑ በመገንዘብ ነው። ገደቡ ተገቢ ነው እንላለን።

የማንስማማው ሌላው የመንግሥት እጅ በሚሠራው ነው። መንግሥት በአንድ በኩል መሬቱ ሣር እንዲለብስ ይከፍላል፤ በሌላ በኩል የሰብል መድንን ዐረቦን በመደጎም ለምነት በሌለው መሬት ላይ የማረስን ሥጋት ይሸከማል። ውጤቱም ታይቷል። በመላ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የነበረው በውል የተጠበቀ መሬት፣ የእህል ዋጋ ንሮ ውሉ ሲያበቃ ብዙው እንደገና ታርሶ፣ በ2016 ወደ 10 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ወርዷል። አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ የእህል ዋጋ ግን በአንድ ክረምት ይለወጣል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. በወጣው የምግብ ርዳታ ሕግ መሠረት ከአሜሪካ ትርፍ ስንዴ ከፊሉ ወደ ሀገራችን ሲገባ ኖሯል። የዚያ ስንዴ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የተከፈለ አልነበረም፤ አፈርም ተከፍሎበታል።

በመሆኑም ድጎማ ይቅር አንልም። የሕዝብ ገንዘብ የሚገዛው ገበያ ዋጋ የማይሰጠውን፣ ማለትም አፈርንና ውሃን፣ ይሁን፤ ውሉም ከእህል ዋጋ መዋዠቅ የሚበልጥ ዕድሜ ይኑረው እንላለን። የአፈር መሸርሸር የሚለካ ነገር ነው። ልኬቱን ከክፍያው ጋር የሚያያይዘው ባለሙያ ዛሬ በየመማሪያ ክፍሉ የተቀመጠው ተማሪ ነውና፣ ጥያቄውን ከወዲሁ ይያዘው።