የሎጋሪዝም ሕጎች ከየት መጡ?

ሎጋሪዝም ሲነሣ ብዙ ተማሪዎቻችን ሕጎቹን እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ይሁን እንጂ የ2ንና የ3ን ሎጋሪዝም ደምሩ፣ የማን ሎጋሪዝም ነው? ሲባሉ «የ5» የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሕጉ ከነምክንያቱ ስላልተሰጣቸው ነው።

ሎጋሪዝም ርቢ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። መሠረቱ 10 ሲሆን የ100 ሎጋሪዝም 2፣ የ1000 ደግሞ 3 ነው። ሁለቱን ብናባዛ 100,000 እናገኛለን። ዜሮዎቹን ቁጠሩ፤ 5 ናቸው። ቁጥሮቹ ሲባዙ ርቢዎቹ ተደመሩ፤ ሕጉ ይኸው ነው። ሲካፈሉ ደግሞ ይቀነሳሉ።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንሂድ። የ2 ሎጋሪዝም 0.3010፣ የ3 ደግሞ 0.4771 ነው። ድምሩ 0.7781 የ6 እንጂ የ5 አይደለም። የ5ን የሚፈልግ 10ን ለ2 ያካፍል፤ ከ1 ላይ 0.3010 ሲቀነስ 0.6990 ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ያሳተመው ይህን የመሰለውን የስሌት ድካም ለማቅለል ነበር። ካልኩሌተር ለሌለው የእኛ ተማሪ ዛሬም ይጠቅመዋል።

የስደተኛ ልጅ ደብተሩ በጉዞ ሊጠፋ፣ ትምህርት ቤቱም ሊለወጥ ይችላል። ምክንያቱን የያዘ ግን ሕጉን በባዶ ወረቀት ላይ ራሱ ያወጣዋል።

መምህራን ሰንጠረዡን ከመክፈታችን በፊት ጥቂት ቀን ለርቢ ብንሰጥ እላለሁ። ወላጆችም፣ ሎጋሪዝም ባትማሩም፣ ልጃችሁን «እስቲ በዜሮ ቆጥረህ አስረዳኝ» በሉት። ካቃተው ነገ ክፍል ውስጥ ይጠይቀን።