ለልጅ የራሱ ድስት ይጣድለት

ጎጃም ጤፍ አብቃይ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ብረት አለው። ስለዚህ የጎጃም ልጅ ደም አያንሰውም ብሎ የሚሞግተኝ ሰው በየሰርጉና በየለቅሶው አላጣሁም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በጤና ጣቢያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል ስሠራ የኖርኩ ነርስ ነኝ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሙግቱ ግን አልወጣም።

እዚያ ክፍል የልጁን መዳፍ ገልጦ ከእናቱ መዳፍ ጋር ማስተያየት የዘወትር ሥራዬ ነበር። መዳፉ ከነጣ ደም አንሶታል ብለን እንጠረጥራለን። እናቶቹ ግን ለነጣ መዳፍ ብለው አይመጡም። «ሲስተር፣ አፈር እየላሰ አስቸገረኝ» ይላሉ፤ ወይም «መጫወት ትቶ ዝም ብሎ ይተኛል»። አፈር የሚልስ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቆጡት ልጅ ነው። መመርመር የሚገባው ግን ደሙ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 57ቱ ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 44 ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት በመቀንጨር ከሁሉም ክልል የባሰው ደግሞ የእኛው አማራ ክልል ነበር፤ ከመቶ 46። ለደም ማነሱ ወባና የአንጀት ትል የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ግን ለገበታችን ነው።

የጤፉን ነገር ልናገር። በጤፍ ውስጥ ይገኛል ከሚባለው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ ነው። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ስለሚያዝ አንጀት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ትንሽ ሥጋ ሲታከልበት ሰውነት የሚወስደው ብረት ይጨምራል። ሻይ ሲጠጣበት ግን ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። እኛ ደግሞ ለልጅ ቁርስ ብለን ዳቦ በሻይ እንነክራለን። ይህን የሚያደርገው የገጠር ሰው ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያሉት የልጅ ልጆቼም ሻይ በብስኩት ለምደው አግኝቻቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ልማድ የሚመጣ ነው። ለልጅ ብለን አንሠራም፤ ለአዋቂ ከተሠራው እናቀምሰዋለን። ዶሮ ሲታረድ 12ቱ ብልት ለአባወራና ለእንግዳ ይከፋፈላል፤ በርበሬው ስለሚያቃጥል ለልጁ ከወጡ ዳር የተነካካ ፍትፍት ይደርሰዋል። ጉበቱን ለልጅ ለይታ በአልጫ የምትሠራ እናት ከስንት አንድ ናት። እንቁላሉ ለጨውና ለቡና መግዣ ገበያ ይወርዳል።

ልማዱ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው በጾም ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ብረት ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ያልቃል፤ የእናት ጡት ወተት ደግሞ ብረቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው ጊዜ ዋነኛው ነው። ይህ ጊዜ በቀን ሲቆጠር 550 ያህል ነው። አንዱ ዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን፣ ማለትም አሥረኛውን እጅ ይወስዳል። ነቢያት፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ገና አልተቆጠሩም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም እንደማይገደድ ካህኑም እናቲቱም ያውቃሉ። እንግዲህ እንቁላሉ ለምን አይሠራለትም? ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነበር፦ «ዕቃው ይነካካብኛል፣ ሲስተር።» የፍስክ ዕቃ ከጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ ሲባል ልጁ ሳይገደድ ይጾማል።

ድህነቱን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። እንቁላል በዚህ ዋጋ ለልጅ ስጡ ማለት ለብዙው ቤት ከባድ ነው። ምንም ለሌለው ቤት ምክር አይበቃም፤ እርዳታ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሁለት ሦስት ዶሮ ያለው ቤት ከሳምንቱ እንቁላል ለልጁ ጥቂቱን ማስቀረት አያቅተውም። ዶሮ የሌለው ደግሞ ምስሩን ወይም ሽሮውን በርበሬ ሳያበዛ ወፈር አድርጎ ሠርቶ ሎሚ ጠብ ቢያደርግበት፣ ሻዩንም ቢያስቀርለት ልጁ ይጠቀማል።

መንግሥት በፋብሪካ ዱቄት ላይ ብረትና ቫይታሚን እንዲጨመር ግዴታ አድርጓል። ደግ ሥራ ነው። የገጠር እናት ግን እህሏን የምታስፈጨው በቅርቧ ወፍጮ ቤት ነው፤ ግዴታው እዚያ አይደርስም። በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ያለመ ነው። ዓመቱ እየቀረበ ነው። የቀረው ጊዜ «የተመጣጠነ ምግብ ስጡ» እያልን የምንደጋግምበት አይደለም። ይህን ምክር እኔም ስናገር ኖሬአለሁ፤ እናቶቹ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ገበታው እንደነበረው ይቀጥላል።

ስለዚህ ነገሩን ቆርጠን እንናገር። ቀሳውስት ከቅበላው በፊት ባለው እሑድ፣ ሕፃኑ እንደማይጾምና እንቁላልና ወተት ቢሰጠው የእናቱ ጾም እንደማይፈርስ በዐውደ ምሕረት ይንገሩ፤ ከነርስ አንድ ሺህ ቃል የካህን አንድ ቃል ይሰማል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የምግብ አሠራር ሲያሳዩ በፍስክ ብቻ ሳይሆን በጾምም ያሳዩ። ዕቃ ይነካካል ለምትል እናት መልሱ ትንሽ የፍስክ ድስትና አንድ ማንኪያ ነው፤ ለልጁ ብቻ ተለይተው የሚቀመጡ። አባወራውም ገበያ ሲወርድ እንቁላሉን ሁሉ ይዞ አይውረድ፤ ሲመለስ ደግሞ ድስቷን ገዝቶ ይምጣ።