ዝምታዎ ኩራት እንዳይመስል

አዲስ መሥሪያ ቤት ሊገቡ ነው? ወይስ ከእጮኛዎ ቤተሰብ ጋር ሊተዋወቁ? ዝምተኛ ከሆኑ አንድ ችግር አለ፦ እርስዎ እያዳመጡ ሳለ ሰው «ኩራተኛ» ይልዎታል። ይህ ስም አንዴ ከወጣ ደግሞ ቶሎ አይፋቅም።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ወደ ውስጥ እና ወደ ውጭ የሚያዘነብሉ ብሎ ከፍሏቸዋል። ስለዚህ ዝምተኝነት ጠባይ እንጂ ጉድለት አይደለም። እኔም በማርኬቲንግ ሥራዬ የታዘብኩት፣ ደንበኛ የሚወደው ብዙ ያወራለትን ሳይሆን ያዳመጠውን ነው።

እነዚህን ይሞክሩ፦

ቀደም ብለው ይድረሱ። ቤቱ ሳይሞላ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር መተዋወቅ ይቀላል።

ሰላምታውን አያሳጥሩ። የእኛ ሰላምታ ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ሥራውን እያለ የሚጠየቀውን አዘጋጅቶ ይሰጥዎታል። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫዎ ይነሱ፤ ፈገግታም አይርሱ።

ተከታይ ጥያቄ ይጠይቁ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በተለይ የሰሙትን ተከትለው የሚጠይቁ ሰዎች ይበልጥ ይወደዳሉ። «ሦስት ልጆች አሉኝ» ካሉዎት፣ «ትልቁ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ይበሉ። ከዚያ የሚያወሩት እሳቸው ናቸው።

ሲወጡ ስም ጠርተው ይሰናበቱ።

ዋናው መጀመሪያው ነው። አቦሉ ሳያልቅ ይህን ካደረጉ፣ በቶናውና በበረካው ዝም ቢሉ እንኳ «ጨዋ» እንጂ «ኩራተኛ» አይባሉም።